የማይከፈተው የግራ በር

ስደተኛ በሌሊት ነው የሚወጣ ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ። እኔ ግን የወጣሁት በገበያ ቀን፣ ፀሐይ ፍላቂት ላይ ፍንትው ብላ፣ ገብስ የጫነ አህያና በግ የሚጎትት ገበሬ መንገዱን ሞልቶት ሳለ ነው። ሆኖም ማንም አላየኝም። በአጎቴ በመንገሻ ፔጆ የኋላ መቀመጫ ሥር፣ በላሜራ ሣጥን ውስጥ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ ነበርኩ። ከላዬ እናቴ ተቀምጣለች። የመቀመጫው ሽቦ በክብደቷ ጎብጦ መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር ደረቴን ይነካኝና ይመለሳል። አንዲት ሴት ከውጭ፣ «ጋሽ መንገሻ፣ ለእኔ ቦታ አጣህ?» ስትለው፣ እሱም «በሽተኛ ይዣለሁ እቴ፣ ሌላ ቀን» ሲላት ሰማሁ። ከዚያ የገበያው ጫጫታ ወደ ኋላችን ቀረ፤ ከጆሮዬ ሥር የጎማው ድምፅ ብቻ ሆነ። አገሬን የተሰናበትኳት በጆሮዬ ነው። በዓይኔ ያየሁት ላሜራ ነው።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁትም፣ እዚህ ካርቱም እንደኔ በየሰው ግቢ ለምትኖሩትም ነው። ፊት ለፊት ተናገሪ ብትሉኝ አንገቴን ደፍቼ ሻዬን ሳማስል ነው የምውለው። ታውቁኛላችሁ። በጽሑፍ ይሁን።

ነገሩ የመጣው በታናሽ ወንድሜ በካሳ ነው። ከትምህርት ቤት ተጠርቶ ሄደና ታሰረ። እናቴ ስንቅ እየቋጠረች ትመላለስ ነበር። አንድ ቀን ስንቁን መልሰው ሰጧትና «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት። ሌላ አልነገሯትም። የት እንደተቀበረ አይጠየቅም፤ ድንኳን መጣልም፣ ማልቀስም ክልክል ነበር። እናቴ ያንን ስንቅ ይዛ ተመለሰች፣ መሶቡ ላይ አስቀመጠችው፣ ማንም ሳይበላው ሻገተ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ሥራ ተምሬ፣ ላሊበላ ተመልሼ በአንድ መሥሪያ ቤት ንድፍ እሠራ ነበር። አንድ ጠዋት አብሮኝ የሚሠራ ሰው ማስመሪያ የሚያቀብለኝ መስሎ፣ «ስምሽ ስብሰባ ላይ ተነሳ» አለኝና ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ቀና ብሎም አላየኝም። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ጥጥ እየፈተለች ነበር። እንዝርቱን አስቀመጠች።

«እኔ ሁለተኛ ስንቅ አልቋጥርም» አለች።

ከዚያ በኋላ ውይይት የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ሲጠይቀን ታምማ ጠበል እየወሰድኳት ነው እያልኩ ተነሳን። እናቴ ወደ ተራራው፣ ወደ አሸተን ማርያም፣ ዞራ ተሳለመች፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ጉልበቷን እየያዘች ተጓዘች፣ ፍላቂት ወንድሟ ዘንድ ደረስን። ጋሼ መንገሻ በዚያች ፔጆ እስከ ጎንደር ሰው ያመላልሳል። መንገድ ላይ ያሉት ኬላዎች ሁሉ ያውቁታል። ሰው ግን ያለ ይለፍ ወረቀት አያሳልፉም። ስሜ ተነስቶ የይለፍ ወረቀት መጠየቅ ደግሞ በራስ እግር እስር ቤት መግባት ነው።

መላውን የዘየደው ሰይድ ነው። ሰይድ የወልድያ ሰው፣ ባትላሜራ፣ ፍላቂት መውጫ ላይ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ የመኪና አካል የሚቀጠቅጥና የሚበይድ፣ ድምፁ ከመዶሻው የሚበልጥ ሰው ነበር። ለምን ሊረዳን እንደተነሳ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የኋላውን መቀመጫ አንስቶ ወለሉን ሊቆርጥ፣ ከሥሩ ሣጥን ሊያበጅ፣ መቀመጫውን መልሶ ሊያስቀምጥበት አሰበ። ነገሩ ሁሉ ቀላል ሆኖ ታየው። የኦክሲጅኑን ጎማ እየጎተተ መጣ።

«የጭነት መኪና ሆድ ስቀድ ነው የኖርኩት» አለ። «ይቺን ሚጢጢ እፈራለሁ?»

እኔ ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ አንሾካሾክሁ።

«ሰይድ» አለች እናቴ፣ «ልጄ አንድ ነገር አላት።»

«ትበል እንጂ። አፍ የላትም?»

«አፍማ አላት። እስክታወጣው ነው ጊዜ እሚፈጅባት።»

ሰይድ ሳቀ። እኔ ጫማውን እያየሁ ተናገርኩ። የጭነት መኪና ከሥሩ ሻንሲ አለው፣ ሁለት ወፍራም ብረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሸክሞታል፤ ከላይ የፈለጉትን ቢቆርጡ ሻንሲው ይይዘዋል፣ ይቺ ግን ሻንሲ የላትም አልኩት። ወለሏ፣ ጣሪያዋ፣ ከበሩ ሥር የሚያልፈው ደፏ ተያይዘው ነው የሚሸከሟት። ወለሉንና ደፉን ሳትደግፍ ከቆረጥክ ወገቧ ይሰበራል፣ በሮቿም አይገጥሙም። ኬላ ላይ ወታደር ከፍቶት አልዘጋ ያለ በር ደግሞ ምን እንደሚያስከትል ታውቃለህ አልኩ። በአንድ ትንፋሽ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ሰይድ ከመኪናዋ ሥር ገባ። እግሩ ብቻ ነው የሚታየን። ቆይቶ ጢሙ አቧራ ለብሶ ወጣ።

«ወላሂ ምንም የለም» አለ። «ይቺ መኪና አጥንቷ ቆዳዋ ነው እንዴ?»

«ቤት ናታ እንግዲህ» አለች እናቴ።

«እንዴት ቤት?»

«ምሰሶው የበሰበሰ ቤት ሲታደስ አላየህም? መጀመሪያ ባላ ይቆማል። ጣራውን ባላው ሲይዘው ነው ምሰሶው እሚነቀል። ባላ ሳያቆም የነቀለ ቤቱን በገዛ ራሱ ላይ ነው እሚያወርደው።»

«ላስቴ መቼም በመቦርቦር አይታማም» አለ ሰይድ።

«ሲቦረቡሩ ዓምዱን ትተው ነው» አለችው፤ ያኔ እሱም ሳቀ፣ እሷም ፈገግ አለች። ካሳ ከሄደ ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ባላ አቆምን። የፍላቂት ግቢ ሁሉ እንደምታውቁት ተዳፋት ነው፤ ሰይድ ዝቅ ባለው በኩል ከጎማዎቹ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ እየደረደረ፣ እኔ በሣህን ውኃ ወለሉ ላይ አስቀምጬ ውኃው ከዳር እኩል እስኪሆን እያየሁ መኪናዋን አስተካከልን። በሮቹን ሁሉ ዘጋን። ከዚያ በሲባጎ ከበሩ አንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ለክቼ ቋጠሮ አሰርኩበት፤ ብረቱ ከተቆረጠ በኋላም ቋጠሮው እዚያው ማረፍ ነበረበት። ሰይድ አንጎላሬ የሚባለውን ማዕዘናም ብረት ቆርጦ በሁለቱም የኋላ በሮች አፍ ላይ ከውስጥ በኩል አጋድሞ በየደው። አንድ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ዘረጋ። መኪናዋ በከዘራ የተያዘች አሮጊት መሰለች። ያኔ ብቻ ነው ወለሉን ከነደፉ የቀደደው። ሲቀደድ ስንጥቅ የሚል ድምፅ ሰጠች። ሲባጎውን ዘረጋሁ። ቋጠሮው እዚያው ነበር።

ሣጥኑን ለመሥራት ልኬ ያስፈልግ ነበር። ሰይድ ላሜራውን መሬት ላይ አነጠፈና ጠመኔ ይዞ፣ «ተኚ እቴ» አለኝ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ገባውና ጠመኔውን ለእናቴ ሰጥቶ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ተኛሁ። ላሜራው ቀዝቃዛ ነበር። እናቴ ከራሴ ጀምራ በትከሻዬ፣ በጎኔ፣ በእግሬ ዙሪያ እየሰመረች ወረደች፤ መስመሩ በየቦታው ተወላግዷል። እግሬ ዘንድ ስትደርስ ቆመች።

«ወንድምሽን ማንም አልለካውም» አለች።

ሰይድ ከአጥሩ ዘወር አላለም።

ሣጥኑ ገጠመ። የተቆረጠውን ደፍ በተደረበ ላሜራ መልሶ መበየድ ነበረበት። የቀኙን በደንብ አድርጎ ጨረሰ፣ ግራው ላይ ሲደርስ ግን እሳቱ እያነሰ፣ እያነሰ መጣና ጠፋ። ኦክሲጅኑ አለቀ። ሌላ ሲሊንደር የሚመጣው ከወልድያ ነው፣ የወልድያ መንገድ ደግሞ በውጊያ ተዘግቷል። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አልነበረም። ላሊበላ ደግሞ ቤታችን ሰው ልከው እንደጠየቁኝ ሰምተን ነበር።

ሰይድ የቀኙንና የመካከሉን ባላ በብረት መጋዝ ቆርጦ አወጣ። የግራውን አልነካውም። «ይኸን ካነሳሁት የመጀመሪያው ኮረኮንች ላይ ትታጠፋለች፤ ልጅቱ ውስጧ አለች» አለ። ባላው ይቆይ፣ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ አይከፈት፣ የጠየቀ ቢኖር ተበላሽቷል ይባል ተባለ። በሩ የተከፈተ እንደሆነ ግን በሰው መግቢያ ላይ የተጋደመ ብረት ያየ ሰው ቀጥሎ የሚያየው ወለሉን ነው።

«እኔ እቀመጥበታለሁ» አለች እናቴ። «ብረቱን ተደግፌ ጋቢዬን ላዩ ላይ አለብሰዋለሁ። ታማሚ ነኝ አይደል?»

የመጀመሪያው ኬላ ላይ የቆመው ቀድሞ ኮን አስተማሪ የነበረ ካድሬ ነው፤ ድምፁን ሰምቼ ነው ያወቅሁት። የግራውን በር እጀታ ሲስብ ብረቱ ከራሴ አጠገብ ተንቀጫቀጨ።

«ጓድ ሾፌር፣ ይኸ በር ለምን አይከፈትም?»

«ተበላሽቶ ነው ጌታዬ።»

«ጌታዬ የሚባል ቀርቷል።»

«ተበላሽቶ ነው ጓድ።»

«መቼ ነው የተበላሸው?»

«ከአብዮቱ በፊት ነው ጓድ።»

«እስከ ዛሬ ምነው ሳይጠገን?» አለ ካድሬው።

«ጠጋኙ ዘመቻ ሄዶ።»

በቀኝ በኩል ያሉት ተሳፋሪዎች፣ ሁለት የእህል ነጋዴዎች፣ በሳል አድርገው ሳቃቸውን ዋጡት። እኔም፣ እንዲያ ሆኜ፣ ሳቅ አፈነኝ። ካድሬው በቀበሌ ተደራጅተው በጋራ መጠገን ስላለባቸው ነገሮች ጥቂት ተናግሮ ለቀቀን።

ነጋዴዎቹ ነፋስ መውጫ ወረዱ። ደብረ ታቦር ልንደርስ ስንል ሌላ ኬላ አለ። እዚያ የቆመው ወታደር ጨዋ ልጅ ነበር። አነጋገሩ የጎጃም ገበሬ ልጅ ነው፣ እናቴንም እማማ ነው የሚላት። በሩ ተበላሽቷል ሲባል አልተቆጣም። እንዲያውም አዘነ። «እማማ በዚያ በኩል ተሻግረው መውረድ ያቅታቸዋል እኮ፣ ቆይ እኔ ልክፈተው፤ ብረት ሥራ አውቃለሁ» አለ። መፍቻ ሊያመጣ ሲሄድ ጋሼ መንገሻ መሪው ላይ ሆኖ የሚተነፍሰው ይሰማኛል። ወታደሩ ተመለሰ። መፍቻው እጀታውን ሲነካው ሰማሁ።

«አትንካው ልጄ» አለች እናቴ። «ይዞኛል። ተስቦ ነው።»

መፍቻው ቆመ።

በዚያ ዓመት ተስቦ የተፈናቃዮቹን መጠለያዎች ሁሉ እያጠፋ ነበር፣ ወታደር ከጥይት ይልቅ እሱን ይፈራል። የልጁ ጫማ ወደ ኋላ ሲሸሽ ሰማሁ። ግን ጨዋ ነው ብያችኋለሁ። ጥሎን አልሄደም። ከሩቅ ሆኖ፣ ተስቦ የያዘው ሰው መንገድ እንዳይሄድ ታዟል፣ ጤና ጣቢያው እዚሁ ነው፣ ለበሽተኞች የተለየ መጋዘን አለ፣ መድኃኒት ይሰጥዎታል፣ ይውረዱ እማማ አለ። ጋሼ መንገሻ ጎንደር ሆስፒታል አደርሳታለሁ ብሎ ለመነው። ልጁ እምቢ አለ። ስለ እሷ ብሎ ነው እምቢ ያለው።

እናቴ ተነሳች። ይኸ ነው እስከ ዛሬ የማይወጣልኝ። ከላዬ የነበረው ሽቦ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሽቅብ ተመለሰ፤ ደረቴ ላይ የነበረው ክብደት ለቀቀኝ፣ ትንፋሽ አገኘሁ። መቀመጫው ላይ እየተንፏቀቀች ወደ ቀኙ በር ስትሄድ መዳፏ አንድ ጊዜ ከፊቴ በላይ አርፎ ሲጫን ሰማሁት።

«ጋቢዎን ትተውታል እማማ፣ ብርድ ነው» አላት ወታደሩ።

«እዚያው ይቆይ» አለች። «በሽታው ያለው እሱ ላይ ነው። ማንም እንዳይነካው።»

ከዚያ ደጅ ቆማ፣ «መንገሻ፣ ጭነትህን አደራ» አለችው። የደብረ ታቦርን ቁር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በቀሚሷ ብቻ ነው የወረደች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ኬላ ሁሉ ያ ጋቢ አሳለፈን። ጋሼ መንገሻ «የተስቦ በሽተኛ ጋቢ ነው» ሲላቸው ወደ ግራው በር የሚጠጋ ጠፋ። ጎንደር ከአንድ ግቢ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ሲያወጣኝ እግሬ አልያዘኝም። ብረቱ ላይ የነበረውን ጋቢ አንስቶ አለበሰኝና፣ «ነገ ተመልሼ አወጣታለሁ፣ ምንም አልሆነችም፣ ጤነኛ ናት ብዬ አወጣታለሁ» አለኝ። ሦስት ጊዜ ነው የደገመው። ከጎንደር እስከ መተማ ከጨው ነጋዴዎች ጋር በእግር ሄድኩ። ያንን መንገድ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አልጽፈውም።

ገዳሪፍ ስደተኛ የሚመዘግበው ሹም አስተርጓሚ አጠገቡ አስቀምጦ፣ በምን መጣሽ አለኝ። በእግር አልኩ። ከዚያ በፊትስ? በመኪና። ተሳፋሪ ነበርሽ? ውሸት ቶሎ ስለማይመጣልኝ መቀመጫ ላይ አልነበርኩም አልኩት። አስተርጓሚው ግራ ተጋባ። ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ።

«መቀመጫ ላይ ያልተቀመጠ ምን ይባላል?»

«ጭነት» አልኩ፣ እናቴ እንዳለችው።

«ጭነት ቀረጥ ይከፍላል» አለና ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። ከዚያ ማህተሙን መታልኝ።

ካርቱም ሙቀቱ ሰውን እንደ ቆሎ ያምሳል። ውኃ ከዚር፣ ከዚያ ትልቅ ገንቦ፣ ሲቀዳ ይቀዘቅዛል ይላሉ፤ የፍላቂት ምንጭ የነካው ጥርስ ይኸን ቀዝቃዛ አይለውም። ኪስራቸው እንጀራ ይመስላል፣ ግን ሲያነሱት እንደ ወረቀት ይሳሳል፣ ወጡንም አይዝም። ሰላምታቸው ግን እንደ እኛ ረዥም ነው፤ ያ ብቻ አገሬን አስመሰለኝ። መጀመሪያ ሰው ቤት አገለገልኩ። በኋላ ለተብርሃን ከምትባል የከረን ተወላጅ ጋር ሆነን ከሃጅ ኢድሪስ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየን። ክፍሉን ሲያሳየን እኔ እንደ ልማዴ ለለተብርሃን አንሾካሾክሁ፣ እሷ ለእሱ ተናገረች።

«መስኮት የለውም ትላለች።»

«መስኮት ለምኗ ነው? ለሃቡብ አቧራ በር ልትከፍት?»

«ጣሪያው ቀዳዳ ነው።»

«ዝናብ እንዲመጣ ዱዓ አድርጊ፤ ያኔ እደፍነዋለሁ።»

«በሩ አይዘጋም።»

«አንቺ ሐበሺያ፣ ሌባ ከእናንተ ምን ይወስዳል?» ከዚያ ጋቢዬን አየ። «ይኸን ብርድ ልብስ ነው የሚሰርቀው? በዚህ አገር የሰረቀው ይሞታል።»

ከማይከፈት በር ወጥቼ የማይዘጋ በር ቤት ገባሁ። ሃጅ ኢድሪስ ምላሱ እንዲህ ይሁን እንጂ ልቡ ሌላ ነው። ከግቢው ፊት ለፊት የመኪና መቀጥቀጫ አለው፤ ትንንሽ መኪናዎችን ከወገባቸው እየቆረጠ የኋላቸውን ክፍት አድርጎ ቦክሲ የሚሉትን ጭነት ማመላለሻ ያደርጋቸዋል። ሳይደግፉ ነበር የሚቆርጡት። በካርቱም ጎዳና በሩን በገመድ ያሰረ ቦክሲ ያያችሁ እንደሆነ ከዚያ ግቢ የወጣ ነው። ብዙ ጊዜ በራፋችን ላይ ቆሜ ዝም ብዬ አየሁ። አንድ ቀን ቆራጩ እሳቱን ሲያስጠጋ እግሬ ወሰደኝ፣ ፊቱ ቆሜ ላ ላ፣ አይሆንም አልኩ። በምልክትም፣ በአፈር ላይ በመሳልም አስረዳሁ። አንጎላሬውን አጋድመው፣ ቆርጠው፣ በሩን ከፍተው ዘጉት። ገጠመ። ሃጅ ኢድሪስ እየደጋገመ ከፍቶ ዘጋውና፣ ይኸ ብረት ስሙ ማነው አለኝ። ባላ ነው አልኩት። ዛሬ ሱዳኖቹ ሠራተኞች መኪና በገባ ቁጥር «ባላ! ባላ!» ይባባላሉ፣ እኔም እዚያ እለካለሁ። በሲባጎና በቋጠሮ።

የሃጅ ኢድሪስ ቤት ስልክ አለ። የወልድያ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ጋሼ መንገሻን ወልድያ ቴሌ ቤት በቀጠሮ አስጠርቼ አገኘዋለሁ። ሰው ያዳምጣል ተብሎ ስለሚፈራ ስሜን አይጠራም፤ እንደ ደንበኛ ነው የሚያናግረኝ። መጀመሪያ የደወልኩ ቀን፣ «እቃው ደህና ነው፣ ቤቱ ገብቷል» አለኝ። ልስማት አልኩት። «አሸተን ወጥታለች፣ ሱባዔ ይዛ» አለ። ደስ አለኝ፣ አለቀስኩ። በሌላ ጊዜ ስደውል አሁንም አሸተን ናት። ስለ መኪናዋ ጠየቅሁት። ሲሊንደሩ መጥቶ ሰይድ የግራውን ደፍ ልበይደው፣ ባላውን ላውጣው እያለ ይጨቀጭቀኛል፣ እኔ ግን እምቢ ብያለሁ አለኝ። ለምን አልኩት። «እንዲሁ» አለ። «ተደግፋው ነበራ።»

ነበራ። ያቺን ቃል ይዤ ብዙ ጊዜ ተኛሁ።

ክረምቱ ሲገባ ደግሜ ደወልኩ። ጭጋጉ ተራራውን በያዘበት፣ ዳገቱ ጭቃ በሆነበት፣ ያ ጉልበቷ፤ አሁንም አሸተን ናት። «ሰላም በልልኝ» ብዬ ዘጋሁ። አላስጨነቅሁትም።

እኛ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው በድንገት አይረዳም። ዘመድ ይጠራል፣ ጎረቤት ቀድሞ ደጅ ይሰበሰባል፣ በግራና በቀኝ የሚይዙት ይዘጋጃሉ፣ የሚያረዳው ሰው የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ለካሳ ያን አልፈቀዱልንም፤ ለእናቴ በስንቅ ነው የነገሯት። ስደተኛን ደግሞ ማን ያረዳዋል? ብቻውን ያለን ሰው በስልክ ማርዳት ነውር ነው፣ ኃጢአት ነው፣ ሰው መግደል ነው ይሉታል። ስለዚህ ዓመት ሙሉ የሞተ አባቱን ሰላም በሉልኝ የሚል ስንቱ ነው በዚህ ከተማ። ጋሼ መንገሻ አሸተን ናት የሚለኝ ስለ እኔ ብሎ ነው። ያ ወታደርም ስለ እሷ ብሎ ነው።

የጠረጠርኩትን ለለተብርሃን ነገርኳት። ፊቷን አየሁት፣ እሷ ቀድማ አውቃው ኖሯል። «ምን ላድርግልሽ?» አለችኝ። «አጠገቤ ተቀመጪ» አልኳት።

ዓርብ ቀን፣ መቀጥቀጫው ዝግ ሳለ፣ ሃጅ ኢድሪስ ቤት ገባን። ሚስቱ ሃጃ ዘይነብ ለተብርሃን ስትነግራት ምንም አልጠየቀችም፤ መጥታ በግራዬ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ ክንዴን ያዘች። እነሱም ይኸ ነገር አላቸው ለካ። ሃጅ ኢድሪስ በራፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ጋቢ መልበሴን አይቶ ምንም አላለም። ስልኩ ብዙ ጮኸ፣ ቴሌ ቤቱ አገናኘን።

«ጋሼ» አልኩት። «ዛሬ ብቻዬን አይደለሁም።»

ከጀርባው ቴሌ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ሲጯጯህ ይሰማኛል።

«ማን ማን አለ?»

«ለተብርሃን አለች። አብራኝ እምትኖረው።»

«በየት በኩል?»

«በቀኜ።»

«በግራሽስ?»

«የባለቤቱ ሚስት ናት። ክንዴን ይዛኛለች።»

«ቆመሻል?»

«ተቀምጫለሁ።»

ሲተነፍስ ሰማሁት፤ ኬላው ላይ፣ መፍቻው እጀታውን ሲነካ የተነፈሰውን ትንፋሽ።

«የሺዬ» አለኝ። አገር ከለቀቅሁ ጀምሮ ስሜን ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። «ስልኩን ለለተብርሃን ስጪያት።»

ሰጠኋት።